«ባዶ ነው» ብለህ ፈርም

ስሜ ገመቹ ነው። በኦሮምኛ ደስታ ማለት ነው። አባቴ ስሙን ያወጣልኝ ፊቴን ሳያይ መሆን አለበት፤ ከደስታ ጋር የእግዜር ሰላምታ እንኳን የለንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ ታሪክ ማጽናኛ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ገጹን እንድትገልጡት ነው። የማወራችሁ ከሐሙስ እስከ እሑድ ስለሆነ ነገር ነው። በእነዚያ ቀናት የእህቴን መሬት በገዛ እጄ አቃጠልኩ፤ ከዚያ ከአመዱ ለማውጣት መከራዬን አየሁ።

ያኔ አምቦ ውስጥ በአንድ የመሬት መዝገብ ቢሮ ጥበቃ ነበርኩ። ጥበቃ ስል በር ላይ ብቻ የቆምኩ አይምሰላችሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የማስነሳው እኔ፣ የማሽኑን ክፍል የምጠርገው እኔ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፉ «እንግዳ መጣ» ብዬ የምቀሰቅሳቸውም እኔ ነበርኩ።

ፊደል የለየሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አውራ ጣት ነበርኩ። ሌላው ሰው ስሙን ሲጽፍ እኔ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ እጫን ነበር። ጉደር አጠገብ አባታችን ለእኔና ለእህቴ ለጫልቱ ትቶልን ያለፈ መሬት ነበረን። አንድ ቀን አጎቴ «የምርጥ ዘር ስም ዝርዝር ነው፣ ጣትህን አሳርፍ» አለኝ። አሳረፍኩ። ወረቀቱ ስለ ምርጥ ዘር አንድ ቃል የለበትም። ድርሻዬን በፈቃዴ ለእሱ መልቀቄን ነበር የሚናገረው። ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ሦስቱም ማንበብ ይችሉ ነበር።

መሬቴ ሄደ። እኔም ወደ አምቦ መጣሁና ሁለት ነገር ማልኩ። ማንበብ እማራለሁ፤ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ደግሞ አልፈርምም። የመጀመሪያው መሐላ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ጠላት ያፈራልኛል። የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤውን፣ በማታ ትምህርት ተማርኩ። የአማርኛውን ፊደል ያስቆጠረችኝ ግን የመዝገብ ክፍሏ አስካለ ናት፤ በምሳ ሰዓት፣ በመዝገብ ፋይሎች ጀርባ ላይ በተጻፈው ስም። «አንተ ሰውዬ፣ ጨንና ጠን እስክትለይ እኔ ጡረታ ልወጣ ነው» ትለኝ ነበር። አልወጣችም።

አሁን ወደ ማሽኑ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አርጅቶበት ለእኛ ያወረሰን ሜይንፍሬም የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ነበረን። ቁመቱ እንደ ቁም ሳጥን፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ ቤት። ውስጡ ቨርቹዋል ማሽን የሚሏቸው ብዙ ማሽኖች አሉበት ይላሉ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ብዙ የኪራይ ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ ተከራይ ለብቻው ግቢ ያለው ይመስለዋል። የአንዱ ወረዳ መዝገብ አንዱ ክፍል ይኖራል፣ የሌላው ወረዳ ሌላው ክፍል። የሁሉንም በር ቁልፍ የያዘው የግቢው ባለቤት ነው። ባለቤቱ የሚኖረው «ሲስተም ዲስክ» በሚሉት ላይ ነው። ዲስኮቹ በማሽኑ ጎን በቆመ ሌላ ሳጥን ውስጥ እንደ መሳቢያ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ መሳቢያ ግንባር ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች። ባለቤቱ ከሞተ ተከራዮቹ ሁሉ በር ተቆልፎባቸው ይቀራሉ።

ከዚያ ሳጥን ትይዩ በርጩማ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥን የለኝም፤ የማየው እሱን ነበር። ወዲያኛው ክፍል ያለች ጸሐፊ አንድ መዝገብ ስታስገባ ከላይ ሦስተኛዋ መሳቢያ ዓይኗን ትጠቅሳለች። ማንም ሳያስገባ ዝም ትላለች። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ማንንም አልጠየቅሁም።

ሳጥኑ ሲያረጅ መጮህ ጀመረ። አዲስ ሳጥን መጣ፣ ዲስኮቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያዛውር ባለሙያም ከአዲስ አበባ ተላከ። የእህቴ ጉዳይ ልክ በዚያው ሰሞን ገጠመ። የአጎቴ ልጆች በአባታቸው ፈለግ የጫልቱን ድርሻ «የእኛ ነው» ብለው ነበር። አምስት ዓመት ተመላልሳ፣ የመሬት ኮሚቴው ለእሷ ፈረደ። ውሳኔው ያለው አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ብቻ ነው፤ ግልባጭ የለውም። ቃለ ጉባኤው ቢሯችን ደርሶ አስካለ ጠረጴዛ ላይ ወረፋ ይዟል። ወደ ማሽኑ ከገባ በኋላ የይዞታ ደብተር ይታተምላታል። ግን የደብተሩ ወረቀት አልቋል፤ «በሚቀጥለው ወር» ተብሏል።

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያው ደረሰ። ብሩክ ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። ኃላፊያችን አቶ ኃይሉ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት።

«ቅዳሜ ምረቃ አለን፤ የዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ ሪባኑ ተገዝቷል» አሉት ገና እጁን ሳይለቁ።

«ቅዳሜ? እኔኮ መገልበጡንና ማስነሳቱን ነው ነገ የምጨርሰው። አሮጌው ሳጥን አንድ ሳምንት ሳይነካ መቆየት አለበት፤ ምናልባት ችግር ካለ እንድንመለስ።»

«ቶሌ፣ ቶሌ» አሉ አቶ ኃይሉ። ቶሌ ማለት እሺ ማለት ነው። እሳቸው ሲሉት ግን ጆሮዬ ላይ ውኃ ፈሰሰ ማለት ነው።

ሐሙስን ሙሉ ብሩክ ሲገለብጥ ዋለ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ። በሙያው ሌላ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ለእኔ ማስረዳት ጀመረ።

«ጋሼ፣ እያንዳንዱ ዲስክ ስም አለው።»

«የት ተጽፎ? እኔ በየቀኑ እወለውለዋለሁ፣ ስም አላየሁም።»

«ውስጡ ነው የሚጻፈው። ማሽኑ ሲነሳ ባለቤቱን በስሙ ይጠራዋል፤ ያ ስም ያለበት ዲስክ አቤት ይላል።»

«አሁን ስትገለብጠው ስሙም ይገለበጣል?»

«አዎ፣ እንዳለ።»

«ታዲያ ሁለት ቶላ ሆኑ ማለት ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ‹ቶላ በቀለ› ሲባል ሁለት ሰው ከተነሳ ማንን ያስተናግዳሉ?»

ብሩክ ሳቀ። «ስለዚህ የአሮጌውን ስም እንቀይረዋለን፣ ወይ እናጠፋዋለን፤ ከዚያ ነው አዲሱን የምናስነሳው። ጋሼ፣ እርስዎ ተምረው ቢሆን ኖሮ…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ሰዎች ይህን ነገር ሁልጊዜ ሳይጨርሱ ነው የሚተዉት።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑን አቆመው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ብሩክ የአሮጌውን ስም ሊቀይር ቁጭ እንዳለ አቶ ኃይሉ በሩን በርግደው ገቡ፤ እጃቸው ላይ የታተመ ሪፖርት አለ። ርዕሱን በሩቁ አነበብኩት፤ «የሲስተም ዝውውሩ በስኬት ተጠናቀቀ» ይላል። ረቡዕ ነው የተጻፈው፤ ብሩክ አምቦ ሳይደርስ።

«እዚህች ጋ ፈርምልኝ፣ ዞን እየጠበቀን ነው።»

«አቶ ኃይሉ፣ ገና…»

«አስነሳዋ! ማስነሳት ብቻ አይደል የቀረው? ሠራተኛው ቆሟል እኮ።»

ሠራተኛው በእርግጥ ቆሞ ነበር፤ በመስኮት። ብሩክ ላቡን ጠረገ፣ ፈረመ፣ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ እንደ ወትሮው አጉረመረመ። ስክሪኑ ላይ ብዙ ጽሑፍ ፈሰሰ። አቶ ኃይሉ ያን ጊዜ ስለ ዘመናዊነት መናገር ጀምረው ነበር፤ ብሩክም ከጨዋነቱ የተነሳ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። ማሽኑ እንደተነሳ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እጄን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ከሰዓት በኋላ ዘመቻ ታወጀ። እኛ ቢሮ ሥራ የለም፤ ዘመቻ ነው ያለው። ወራት የተከመረ ወረቀት እንግዳ ሲመጣ ብቻ በግማሽ ቀን ይሠራል። «ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት እንዳላይ! ያልገባው ይግባ፣ የገባው ይወገድ!» አሉ አቶ ኃይሉ። ሠራተኛው በሙሉ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ቀጠቀጠ። የገባው ወረቀት እየታሰረ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ግቢው ጀርባ ያለው ጉድጓድ ውስጥ እንዳቃጥለው።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ ወረቀቶቹን እያነበብኩ አቃጥላለሁ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ሳላነብ የምጥለው ነገር የለም፤ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን። ከመሐል የጫልቱ ስም ወጣ። ቃለ ጉባኤው ነው። ኮሚቴው፣ ማኅተሙ፣ «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚለው፣ ሁሉም አለ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አስካለ መስኮት ሄድኩ።

«ይሄ ገብቷል?»

«የጫልቱ? ከሁሉ በፊት ነው ያስገባሁት። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወሰኑም ስሟም አለ። አቃጥለው።»

«ላስቀረው ይሆን?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዘመኑ የኮምፒውተር ነው። ወረቀት ያስቀመጠ በደብዳቤ ይጠየቃል ብለዋል።»

እንግዲህ ስሙ። አልተገደድኩም። ኪሴ ውስጥ ብከተው ማን ያየኝ ነበር? ግን እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ትዕቢት ያዘኝ። ወረቀት ነው መሬቴን የበላው፤ አሁን እኔ ወረቀት ልብላ አልኩ። ራሴን የሠለጠነ ሰው አድርጌ አየሁት። እሳቱ ላይ ጣልኩት። ማኅተሙ መጨረሻ ነው የነደደው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የማሽኑን ክፍል እየጠረግሁ ነበር። ሠራተኞቹ እንግዳ ስላለ ቀድመው ገብተዋል። በርጩማዬ ላይ አረፍ ስል ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ አሮጌው ሳጥን ሄደ። ሦስተኛዋ መሳቢያ ጠቀሰችኝ።

አዲሱን አየሁት። መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል፤ አንዱም አይንቀሳቀስም፤ እንደ ምረቃ ተጋባዥ አምረው ቆመዋል። እንደገና አሮጌውን አየሁት። ጠቀሰች።

«ሁለት ቶላ» አልኩ ለራሴ።

ለማንም ከመናገሬ በፊት ግን በሩ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ቅዳሜ የአምቦ ገበያ ነው፤ ጫልቱ የጤፍ ጆንያዋን ጋሪ ላይ ጭና ከጉደር መጥታ አጥሩን ይዛ ቆማለች።

«ያ ገመቹ! አካም ቡልቴ?» እንዴት አደርክ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ።»

«ገባ የኔ ነገር? አለቀ?»

«ገብቷል።»

«ወረቀቱስ ደህና ነው? ደህና ቦታ አስቀምጠው፤ እነዚያን የአጎታችንን ልጆች ታውቃቸዋለህ።»

«ደህና ነው» አልኳት። እህቴን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እሷም «ጋሪዳ»፣ ጥሩ ነው፣ ብላ ወደ ገበያዋ ሄደች። ሦስት ጊዜ ዞራ አየችኝ፤ ፊቴ ላይ አንድ ነገር ሳታይ አልቀረችም።

ስመለስ ሁለት የቀን ሠራተኞች አሮጌውን ሳጥን ሊያወጡ ገመድ ይዘው ቆመዋል። አቶ ኃይሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ብሩክም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከሆቴል መጥቷል፤ ከምረቃው በኋላ ሊሄድ ነው።

«ሳምንት ይቆይ ብዬ ነበርኮ» ይላል ብሩክ።

«እንግዳ ፊት ይህን ዝገት ላቆም? ራስህ ሁሉም ከአዲሱ ነው የሚሠራው ብለህ ፈርመሃል!»

ብሩክ ትከሻው ወረደ። «እሱስ… አዎ። ከአዲሱ ነው። ይውጣ እንግዲህ።»

አቶ ኃይሉ አንድ ቅጽ ዘረጉልኝ። «ገመቹ፣ የንብረት መውጫ ነው። ተረካቢ አንተ ነህ። ፈርም።»

ተቀበልኩና በጣቴ ከላይ ጀመርኩ። እኔ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። የቀን ሠራተኞቹ ተያዩ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«አነባለሁ።»

«ሰውዬ፣ እንግዶቹ ከዞን ቢሮ ተነሥተዋል!»

«እኔ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ቀጠልኩ። አራተኛው መስመር ላይ «ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ንብረት ውስጡ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ» ይላል። ቅጹን መለስኩላቸው።

«ባዶ መሆኑን አላረጋገጥኩም።»

«አንተ ማን ነህና ነው የምታረጋግጠው?»

«ፈርም የተባልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ከፈለጉ እርስዎ ይፈርሙ።»

አቶ ኃይሉ ቀሉ። «ዘበኛ ማንበብ ሲማር እንዲህ ነው! ‹ባዶ ነው› ብለህ ፈርም! አለዚያ ዛሬውኑ ሥራህን ትለቃለህ!»

ወደ ብሩክ ዞርኩ። «ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺ መብራት የምትጠቅሰው ለምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ስላላት ነው። ሳጥኑ አልጠፋም እኮ።»

«ኤሌክትሪክስ አዲሱም አለው። የሱ ለምን አይጠቅስም?»

ዞሮ አዲሱን ሳጥን አየ።

በመስኮቱ ጮህኩ። «አስካለ! አንድ ነገር አስገቢ!»

«ምን ላስገባ?» አለች ከወዲያ።

«የፈለግሽውን! የአማትሽን ስም!»

«እሷማ የትም አትገባም» አለችና ቁልፉን መታች። ከአሮጌው ሳጥን ሦስተኛዋ መሳቢያ ጠቀሰች።

«ድገሚው!»

ጠቀሰች።

«አሁን እጅሽን አንሺ!»

መብራቷ ዝም አለች። የቀን ሠራተኞቹ ገመዱን መሬት አስቀመጡ። ብሩክ ቦርሳውን ጥሎ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ፤ ሁለት ቃል ጻፈ፣ ማሽኑ መለሰለት። ፊቱ እንደ በሶ ነጣ።

«ከአሮጌው ነው የተነሳው» አለ በቀስታ። «ተመሳሳይ ስም ሲያገኝ ቀድሞ የተቆጠረውን ወስዷል። ትናንት ነግሮኝም ነበር፤ እዚህ ስክሪን ላይ ጽፎታል… እኔ ንግግር እየሰማሁ ነበር።»

«አዲሱስ?» አሉ አቶ ኃይሉ።

«አዲሱ የሐሙስ ግልባጭ ነው። ማንም ነክቶት አያውቅም።»

«እና ይህን ብናወጣው?»

«ይቆማል። ትናንት በዘመቻው የገባው በሙሉ ያለው እዚህ ብቻ ነው። እንዲህ አርጅቶ፣ እየሠራ ገመዱ ከተነቀለ ደግሞ ተመልሶ መነሳቱን እንጃ።» ከዚያ ተስፋ ያገኘ መሰለው። «ግን ወረቀቶቹ አሉ አይደል? መልሰን እናስገባቸዋለን።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀቶቹን አቃጥያቸዋለሁ» አልኩ።

አስካለ በመስኮቱ ራሷን አስገብታ ነበር። እጇን አፏ ላይ ጫነች። የጫልቱን ወረቀት ያስታወስነው ሁለታችን ብቻ ነን።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? አስተዋይ መሥሪያ ቤት ቢሆን ምረቃውን ያራዝማል። እኛስ? አቶ ኃይሉ ትንሽ አሰቡና «የስብሰባ አዳራሹን የጠረጴዛ ልብስ አምጡ» አሉ። አሮጌውን ሳጥን ከአናቱ እስከ እግሩ ሸፈኑት። አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተደረገ።

«ከኋላ አየር ካላገኘ ይግልና ይሞታል!» አለ ብሩክ።

«ገመቹ ከኋላ ሆኖ ጨርቁን ያንሳለት» አሉ አቶ ኃይሉ። «ባረጋገጠው ንብረት ላይ ይቁም።»

እንግዶቹ ገቡ። እኔ በግድግዳውና በሳጥኑ መካከል ተሰንቅሬ፣ በመጥረጊያ እንጨት ጨርቁን ከፍ አድርጌ ይዤ ቆምኩ። የሳጥኑ ትኩስ ትንፋሽ ደረቴን ይመታኛል። ንግግር ተደረገ። ሌላ ንግግር ተደረገ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ በአዲሱ ሳጥን ፊት፣ ምንም በማይሠራው።

«እንዴት ጸጥ ያለ ነው!» አሉ አንዱ እንግዳ ጆሯቸውን ወደ አዲሱ ሳጥን አስጠግተው።

«ዘመናዊ ስለሆነ ነው» አሉ አቶ ኃይሉ።

«ይህ በአበባ ያጌጠውስ?»

«እሱ… ለወደፊት ማስፋፊያ ነው።»

ተጨበጨበ። በጨርቁ ሥር፣ ከጎን አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ ሦስተኛዋ መሳቢያ ዓይኗን ጠቀሰች። አስካለ ናት፤ ሳጥኑ መኖሩን እንዳውቅ ብላ ከወዲያኛው ክፍል ቁልፍ እየመታች ነበር። በየአምስት ደቂቃው አንድ ጊዜ። ሰው ከዚህ የበለጠ መልእክት አልላከልኝም። አንድ ሰዓት ከሩብ ያንን ጨርቅ ይዤ ቆምኩ፤ የማስበውም አጥሩን ይዛ የቆመችውን ጫልቱን ነበር።

እሑድ ብሩክ፣ አስካለና እኔ ብቻችንን ገባን። ሪባን የለም፣ ንግግር የለም። ብሩክ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። «ማንም እንዳይገባ ጋሼ፤ አቶ ኃይሉም ቢሆኑ።» ተከራዮቹን አንድ በአንድ አስወጣ፣ ባለቤቱን አስተኛ፣ ማሽኑን አቆመ። ከዚያ እንደ አዲስ ገለበጠ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ቆየ። ግልባጩን ከዋናው ጋር አመሳከረ። የአሮጌውን ስም ቀየረና ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ እኔም በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩለት። ከዚያ አሮጌውን ሳጥን አጠፋው። አንዲት ዲስክ ሳትነቀል፣ እንዳለች፣ ብቻ ጨለመች።

«ላስነሳው?» አለኝ። እኔን ነው የጠየቀኝ።

«አስነሳው።»

ደቂቃው አላልቅ አለ። ጽሑፉ ፈሰሰ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ንግግር አላደረገም፤ ብሩክ እያንዳንዷን መስመር አነበበ፣ እንደ እኔ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። አስካለ ወደ ክፍሏ ሮጠች። እኔ አዲሱን ሳጥን አያለሁ።

ሦስተኛዋ መሳቢያ ጠቀሰች።

«አለች!» ብላ ጮኸች አስካለ። «ጫልቱ አለች!»

ሄጄ ራሴ አነበብኩ። ስሟን፣ የአባታችንን ስም፣ ወሰኑን፤ በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ መንገዱ። በጣም ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም።

መጨረሻው ያምራል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አሮጌው ሳጥን ሳምንቱን ቆይቶ ወጣ፤ «ባዶ ነው» የሚለው ላይም አጣርቼ ፈረምኩ። አቶ ኃይሉ ለተሳካ ዝውውር የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። እኔ የበላይ ትእዛዝ ባለመቀበልና ወረቀቶችን ያለ ጥንቃቄ በማቃጠል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በሕይወቴ በስሜ የተጻፈልኝ፣ ያለማንም እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ማቃጠሉ የሚለው እውነት ስለሆነ ፈረምኩ። የምረቃው ፎቶ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ከአበባው ኋላ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ይታያል። እሱ እኔ ነኝ።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ድሮ ማንበብ የማይችል ሰው ብቻ ነው የሚታለለው ብዬ አምን ነበር። ብሩክ ስንት ዓመት ተምሮ ሳያነብ ፈረመ፤ እኔም አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ እሳት ውስጥ ጣልኩ። ደብተር የለኝ፣ መሬት የለኝ፣ ያለችኝ አንዲት እህት ናት፤ እሷን ለአንድ ከሰዓት ትዕቢት ለማገዶ አቀረብኳት። አጎቴን ሃያ ዓመት ረግሜዋለሁ። አሁንም እረግመዋለሁ፤ ግን ድምፄን ቀንሻለሁ።

የጫልቱ ደብተር ከአራት ወር በኋላ ታተመ። ተቀበልኩ ብላ ጣቷን ስታሳርፍ እጇን ያዝኩት፤ «ቆይ፣ አስቀድሜ ላንብብልሽ» አልኳት። «ቶሎ በል፣ ጋሪው ይሄድብኛል» አለችኝ። አነበብኩላት። ስለ ቃለ ጉባኤው ግን አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ አንድ ደህና ቦታ ያስቀመጥኩት ይመስላታል፤ ለጎረቤት «ወንድሜ ወረቀቴን ጠበቀልኝ» እያለች ታወራለች።

በፊቷ ልናገር ሞክሬ አቅቶኛል። ስለዚህ ራሷ እንድታነበው ጻፍኩት። እና ባለፈው ዓመት ገበያዋን ከጨረሰች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አስቆጥራት ጀመር። መጀመሪያ በስሟ ነው ያስጀመርኳት፤ «ጫ»ን ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። ሰው በእርጅናው አይማርም ይላሉ። ይቺ ሴትዮ ግን ፈጣን ናት፤ ከእኔ ትፈጥናለች። ባለፈው ቅዳሜ የቢሮውን በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ያለ እኔ እርዳታ ጨረሰችው፤ ከዚያ ዞራ «ሌላ የሚነበብ የለህም?» አለችኝ።